አንድ ተራራ፣ ሦስት ባቡር

ደቡብ አሜሪካን ካልዞርኩ እያለ የሚፎክር አንድ ጓደኛ አለኝ። ሰሞኑን “ከአርጀንቲና ወደ ቺሊ በባቡር ይኬዳል እንዴ?” ብሎ ጠየቀኝ። አይኬድም። ድሮ ግን ይኬድ ነበር፤ እኔንም የሳበኝ ይሄው ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ አገሮች ጎረቤት ቢሆኑም ለመንገደኛ አንድ አይደሉም። የአርጀንቲና ሀዲዶች ከቦነስ አይረስ ተነስተው እንደ እጅ ጣቶች በሜዳው ላይ ተዘርግተዋል። አብዛኞቹን የሠሩት የእንግሊዝ ኩባንያዎች ሲሆኑ እህልና ሥጋ ወደ ወደብ ያወርዱባቸው ነበር። ቺሊ ደግሞ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ የምትረዝም ቀጭን አገር ናት፤ አንድ ዋና መስመር እንደ ጀርባ አጥንት ይበቃታል። በመሀል የአንዲስ ተራራ አለ።

ተራራውን በባቡር እንሻገረው ያሉት ሁዋንና ማቴዎ ክላርክ የተባሉ የቺሊ ወንድማማቾች ናቸው። ግንባታው በ1887 ተጀመረ፤ ባቡሩ ድንበር የተሻገረው ግን በ1910 ነው። ከሜንዶዛ እስከ ሎስ አንዴስ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጫፉ ላይ ከፍታው 3,200 ሜትር ይደርሳል። ዳገቱ ሲበረታ ባቡሩ በሀዲዱ መሀል የተዘረጋ ጥርሳም ብረት እየነከሰ ይወጣ ነበር።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከተራራው ግራና ቀኝ ያሉት መስመሮች ስፋታቸው አንድ ዓይነት፣ 1.676 ሜትር ነበር። የተራራው ግን እንደ ድሮው የለገሐር ባቡራችን 1 ሜትር ብቻ! ጠባብ ሀዲድ ለጠመዝማዛ መንገድ ይመቻል፣ ወጪውም ይቀንሳል። ታዲያ ከቦነስ አይረስ ቫልፓራይሶ ለመድረስ ሜንዶዛ ላይ መውረድ፣ ሎስ አንዴስ ላይ እንደገና መውረድ ግድ ሆነ። ሰው ሻንጣውን ይዞ ይወርዳል እንበል፤ የነጋዴው ጭነት ሁለቴ ሲራገፍስ? እኔን ከጠየቃችሁኝ መስመሩ የታመመው ገና ሲወለድ ነው።

በ1934 የበረዶ ግግር ያቆረው ውኃ ፈንድቶ የአርጀንቲናን ወገን ሀዲድ ጠራረገው። እንደገና የተከፈተው በ1944 ነው።

በ1978 ደግሞ በደቡብ ጫፍ ባሉ ሦስት ደሴቶች የተነሳ ሁለቱ ወታደራዊ መንግሥታት ሊዋጉ ለጥቂት ተረፉ። በ1979 መንገደኛ የሚያመላልሰው ባቡር ቆመ። በ1980 በዚያው ተራራ ሥር የመኪና ዋሻ ተከፈተ። በ1984 የሰላም ስምምነቱ ሲፈረም፣ በዚያው ዓመት የመጨረሻው የጭነት ባቡር ቆመ። ሰላሙ ሲመጣ ባቡሩ ሄደ!

ዛሬ ከሳንቲያጎ ሜንዶዛ አውቶቡስ ነው፤ ካልሆነም አውሮፕላን። አውቶቡሱ የድንበሩ ሰልፍ ካልበዛ ሰባት ስምንት ሰዓት ይወስዳል። በክረምት በረዶ መንገዱን ሲዘጋው መቀመጥ ነው። አርጀንቲና ውስጥም መንግሥት በ1993 አብዛኛውን የረጅም ርቀት ባቡር ስለተወው መንገደኛው ወንበሩ እንደ አልጋ በሚዘረጋ አውቶቡስ እያደረ ይጓዛል። ቺሊ ከሳንቲያጎ እስከ ቺያን ባቡሯን ይዛ ቆይታለች።

ጓደኛዬ አንድ ነገር ይጠንቀቅ። “ኮሌክቲቮ” ቦነስ አይረስ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ነው፤ በ1928 ሲጀመር ግን ሰው እየሞላ የሚሄድ ታክሲ ነበር። ቺሊ ውስጥ እስከ ዛሬ ታክሲ እንደሆነ ቀርቷል።

ወደ ደቡብ ከወረደ ደግሞ ከቺሊዋ ኦሶርኖ ወደ ባሪሎቼ የሚያሻግረውን መንገድ ያገኛል። ድንበሩ ላይ ያለው መተላለፊያ ካርዲናል ሳሞሬ ይባላል፤ በ1978 ጦርነቱ እንዳይነሳ ጳጳሱ የላኳቸው ሽማግሌ ናቸው።