መሬቱ ሲወሰድ ሙዳየ ምጽዋቱ ቀረ

«ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የሚለውን አባባል ያልሰማ የለም። ብዙ ሰው ግን እንደ መሬት መዝገብ ይወስደውና ቤተ ክርስቲያን የአገሪቱ ሲሶ ባለቤት ነበረች ይላል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ጉልት በአብዛኛው ባለቤትነት ሳይሆን ግብር የመሰብሰብ መብት ነበር። ገበሬው ርስቱን ያርሳል፤ ለመንግሥት ያስገባ የነበረውን ለደብሩ ያስገባል። ካህኑም በሰሞን መሬት ያድራል። ገንዘቡ የሚመጣው በግዴታ ስለነበር «ምን ላይ ዋለ?» ብሎ መጠየቅ ለአራሹ የሚታሰብ አልነበረም።

ይህን ሥርዓት የነካ ዋጋ ከፍሏል። አፄ ቴዎድሮስ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈው መሬት ግብር ለሚከፍል ገበሬ ይሰጥ አሉ። ካህናቱ እምቢ አሉ። ጠቡም ንጉሡን ከሕዝቡ ካራራቁት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት ወረሰ። ሐምሌ 19 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ቤተ ክርስቲያን በአምስት ወር ውስጥ የዘመናት መተዳደሪያዋን አጣች።

ግን አልተዘጋችም። ከአዋጁ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ በ1965 ዓ.ም. አቡነ ቴዎፍሎስ ቃለ ዓዋዲን አውጥተው ሰበካ ጉባኤን አቋቁመው ነበር። ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አብረው ተቀምጠው የአጥቢያውን ገንዘብና ንብረት እንዲያስተዳድሩ ነው። መሬቱ ሲሄድ ቤተ ክርስቲያንን ያቆማት የምእመኑ መዋጮ፣ ስእለትና ሙዳየ ምጽዋት ነው።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ለውጥ። ትናንት ተገዶ የሚገብር ነበር፤ ዛሬ ወዶ የሚሰጥ ነው። ወዶ የሰጠ ደግሞ ይጠይቃል።

«በእግዚአብሔር ገንዘብ ሰው ምን አገባው?» የሚሉ አሉ። መጽሐፉ ግን ከእነርሱ ጋር አይደለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ጌታው መጋቢውን ሒሳብ ይጠይቀዋል፤ መጋቢ ባለቤት አይደለምና። ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች የተዋጣውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም። ነቀፋ እንዳይመጣ አብያተ ክርስቲያናቱ የመረጡት ሰው አብሮት እንዲሄድ አድርጓል። ሐዋርያው ምስክር ካስፈለገው፣ የዛሬው አስተዳዳሪና ሒሳብ ሹም ለምን አያስፈልጋቸውም?

ስለዚህ ሒሳብ መጠየቅን እንደ ድፍረት፣ የጠየቀውንም እንደ ጠላት ማየት ከጉልት ዘመን የተረፈ ልማድ ነው። በየሩብ ዓመቱ ከቅዳሴ በኋላ ገቢና ወጪው በዐውደ ምሕረት ቢነበብ ታማኙ አገልጋይ ከሐሜት ይድናል፤ የሚጎዳው ሌባው ብቻ ነው።

አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ1971 ተገደሉ። ያቋቋሙት ሰበካ ጉባኤ ግን ከገዳዮቻቸው ሥርዓት በላይ ኖሯል። በአጥቢያችሁ ያለው ሰበካ ጉባኤ ለመጨረሻ ጊዜ ሒሳቡን ለሕዝብ ያነበበው መቼ ነው?