በጣና ዳርቻ ሃይማኖት የጠበቀውና ልማድ የለየው

በታሪክ ከምናውቃቸው ታላላቅ ሥልጣኔዎች መካከል ያለ ሃይማኖት የቆመ አንድ ስንኳ ለማግኘት እንቸገራለን። የጥንት ግብፃውያን የዓባይን ሙላት ሐፒ በሚል ስም ያከብሩት ነበር፤ የህንድ ሕዝብ የጋንጀስን ወንዝ እንደ እናት ያየዋል፤ የጃፓን ሰዎች በመቅደሶቻቸው ዙሪያ ያለውን ደን ለብዙ ዘመን መጥረቢያ ሳያስነኩ ጠብቀውታል። ስለዚህ እምነት በየአገሩ የሰው ልብ ብቻ ሳይሆን፥ የውኃውም የዛፉም የመሬቱም ሕግ ሆኖ ኖሮአል ማለት ይቻላል። ዳሩ ግን ይህን ለማስረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ ጣናና ባሕር ዳር ብቻቸውን በቂ ምስክር ይሆኑናል።

በዚህ ጽሑፍ ልንገልጸው የምንፈልገው ነገር አንድ ነው። ይኸውም በጣና ዳርቻ እምነት በአንድ በኩል መጻሕፍትን፥ ደንንና የሕዝብን ኅሊና ሲጠብቅ፥ በሌላ በኩል ደግሞ በእምነት ስም የበቀለ ልማድ ሰውን ከሰው ሲለይ መኖሩ ነው። የመጀመሪያውን ብዙ ሊቃውንት ጽፈውታል፤ ሁለተኛውን ግን አብዛኞቻችን እያወቅነው ዝም ብለን አልፈነዋል። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን እንዲገነዘቡልን እንለምናለን።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1800 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ፥ ስፋቱም ወደ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ፥ ከአገራችን ሐይቆች የሚበልጥ ሐይቅ ነው። 37 ደሴቶች እንዳሉት ይነገራል። ከሚገቡበት ወንዞች ዋናው ግልገል ዓባይ ሲሆን፥ ምንጩ በሰከላ፥ ግሽ ዓባይ ነው። በዚህ ምንጭ ላይ እምነት በእምነት ላይ እንዴት እንደሚደራረብ በግልጽ ይታያል። በ1610 ዓ.ም. ምንጩን ያየው ፔድሮ ፓኤዝ፥ በ1763 ዓ.ም. የደረሰውም ጀምስ ብሩስ፥ የአካባቢው አገው ውኃውን ያከብርና ከብት ይሠዋለት እንደ ነበር ጽፈዋል። ክርስቲያኑ ደግሞ ስለ አቡነ ዘርዓ ብሩክ የሚተርከው አለው፤ ጻድቁ በስደታቸው ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጥተው፥ ከብዙ ዓመት በኋላ ሳይርሱ ተቀበሉ ይላል። ዛሬም ሕዝቡ ጠበል ብሎ ይጠመቅበታል። ውኃው ያው አንዱ ውኃ ነው፤ አዲሱ እምነት ሲመጣ የቀድሞውን ክብር አላጠፋውም፤ አዲስ ስምና አዲስ ትርጓሜ ሰጠው እንጂ።

ከምንጩ ወደ ሐይቁ ስንወርድ ገዳማቱን እናገኛለን። ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት በጣና ቂርቆስ ኖራለች የሚል ትውፊት አለ። ዳጋ እስጢፋኖስን በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኂሩተ አምላክ እንደ መሠረቱት ይነገራል፤ በዚያም የዐፄ ይኩኖ አምላክ፥ የዐፄ ዳዊት፥ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፥ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲለደስ ዐፅም ተጠብቆ ይገኛል። ክብራን ገብርኤል ደግሞ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን፥ ከ1306 እስከ 1336 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ በአባ ዘዮሐንስ እንደ ተመሠረተ ይነገራል። ወደ ክብራንና ወደ ዳጋ ሴቶች አይገቡም፤ በግሪክ አገር በአቶስ ተራራ ያሉት መነኮሳትም ይህንኑ ሥርዓት ይዘው ይኖራሉ።

እነዚህ ገዳማት በብራና የተጻፉ መጻሕፍትን ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀው እዚህ አድርሰዋል። የጀርመኑ ሊቅ ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1960ዎቹ የብዙዎቹን ፎቶግራፍ አንሥቶ ዝርዝራቸውን ባሳተመ ጊዜ፥ ዓለም የሀብቱን ብዛት በይበልጥ ተረዳ። መጻሕፍቱ እንዴት ተረፉ ብለን ብንጠይቅ፥ ውኃው አጥር ስለ ሆናቸው ነው የሚል መልስ ይቀድማል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ታንኳ ያለው ሁሉ ውኃውን መሻገር ስለሚችል፥ ውኃ ብቻውን ባልጠበቃቸው ነበር። ሁለተኛው አጥር ግዝት ነው። ብዙውን የብራና መጽሐፍ ገልጠን ብናይ፥ በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ቅጠል ላይ የመጽሐፉ ባለቤት የሆነው ታቦት ስምና፥ መጽሐፉን የሚሰርቅ፥ የሚሸጥ ወይም ጽሕፈቱን የሚፍቅ ሁሉ የተወገዘ መሆኑ ተጽፎ እናገኘዋለን። መጽሐፉ የታቦቱ ገንዘብ እንጂ የአበምኔቱ ወይም የባላባቱ ገንዘብ አልነበረም፤ ስለዚህ ባላባቱ ቢቸገር አይሸጠውም፤ አበምኔቱም ቢሞት ወራሽ አይካፈለውም። ዛሬ በመዝገብና በማኅተም የምንሠራውን ሥራ፥ ያን ጊዜ የሚሠራው ይህ እምነት ነበር።

እምነት መጽሐፉን እንደ ጠበቀ ሁሉ ዛፉንም ጠብቆአል። ለባሕር ዳር ቅርብ የሆነው የዘጌ ምድር እስከ ዛሬ በቡና ደን የተሸፈነ ነው። የአገሩ ሰዎች ምክንያቱን ሲናገሩ አቡነ በትረ ማርያም ከእግዚአብሔር የተቀበሉትን ቃል ኪዳን ይጠቅሳሉ፤ ሕዝቡ ሳያርስና ከብት ሳያረባ፥ በቡና፥ በጌሾና በሎሚ እንዲኖር ታዝዞአል ይላሉ። በዚህ ቃል ኪዳን መሠረት በሬ ጠምዶ ማረስ በዘጌ ነውር ሆነ። የደገኛው አገር ደን ለእርሻ እየተመነጠረ ሲያልቅ፥ እርፍ ያልገባበት የዘጌ ደን ቆመ። ሐይቁና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የሕይወት ክልሎች ዝርዝር ውስጥ ሲገባ፥ ይህ የቆየ ደን ከሀብቶቹ አንዱ ነበር።

ከመጻሕፍቱና ከደኑ ይልቅ የከበረው ሦስተኛው ነገር ግን ኅሊና ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን ሃይማኖት በግልጽ ተቀበሉ፤ በ1618 ዓ.ም. ደግሞ በፓትርያርኩ በአፎንሶ ሜንዴስ ፊት ለሮማ መገዛታቸውን አረጋገጡ። ንጉሡ ለዚህ የደረሱበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የኢየሱሳውያን ትምህርትና የፖርቱጋል ርዳታ ተስፋ ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። እነዚያ መምህራን የተማሩና ታታሪ ሰዎች ነበሩ፤ በሐይቁ ሰሜን ዳርቻ በጎርጎራ ያሠሩት ሕንፃ ፍራሽ ዛሬም ይታያል። የጎደላቸው ዕውቀት ሳይሆን ትዕግሥት ነበር። ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፥ ጾሙንና በዓሉን እንዲለውጥ በዐዋጅ ሲገደድ አገሩ ታወከ።

በዚህ ጊዜ ነው የወለተ ጴጥሮስ ታሪክ የሚነሣው። እኒህ ሴት የባላባት ልጅ፥ የንጉሡም አማካሪ የመልክአ ክርስቶስ ሚስት ነበሩ። በ1609 ዓ.ም. አቡነ ስምዖን ከተገደሉ በኋላ ባላቸውን ትተው መነኮሱ፤ በንጉሡ ፊት ለፍርድ ቀረቡ፥ ተጋዙም፤ ሃሳባቸውን ግን አልለወጡም። በጣና ዳርቻና በደሴቶቹ እየተዘዋወሩ በየጊዜው 7 ማኅበራትን ሰበሰቡ፤ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፉ። ገድላቸውም ካረፉ ከ30 ዓመት በኋላ ተጻፈ። ሠራዊትና ሹመት የሌላት ሴት የንጉሥን ዐዋጅ መቋቋሟን የሚያስረዳ ይህን የመሰለ የታሪክ ሰነድ በብዙ አገር አይገኝም።

ፍጻሜውም የታወቀ ነው። በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ንጉሡ የላስታን ገበሬዎች ድል ቢነሡም፥ በአንድ ቀን ወደ 8000 የሚሆን የገዛ ሕዝባቸው ወደቀ። ወዲያውኑ እያንዳንዱ በአባቶቹ ሃይማኖት እንዲኖር ዐውጀው፥ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በዚያው ዘመን በአውሮፓ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ለሠላሳ ዓመት ይተራረዱ ነበር። ንጉሥ ግብር ሊያስከፍል፥ ርስት ሊነቅል ይችላል፤ የሰውን ኅሊና ግን በዐዋጅ ሊያዝ እንደማይችል የጣና ዳርቻም አውሮፓም ያን ጊዜ በደም ተማሩት።

እስከ አሁን የተናገርነው እምነት የጠበቀውን ነው። አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንለፍ። ከባሕር ዳር ዳርቻ ቆሞ ሐይቁን የሚመለከት ሰው ከደንገል የተሠራች ታንኳ በውኃው ላይ ስትሄድ ያያል። ይህችን ታንኳ በመሥራት ከጥንት ጀምሮ የታወቁት ነገደ ወይጦ ናቸው። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ በ1670ዎቹ ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ላይ ጠቅሶአቸዋል፤ ብሩስም ከሌላው የተለየ ቋንቋ እንደ ነበራቸው ጽፎአል። ያ ቋንቋ ሳይመዘገብ ጠፍቶ፥ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ቀድሞ አቢናስ የሚባል የዓባይ መንፈስ ያከብሩ ነበር፤ ዛሬ ግን እስልምናን ይከተላሉ።

አባቶቻቸው ጉማሬ እያደኑ ሥጋውን ይበሉ ስለ ነበር፥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እንደ ርኩስ ቈጠራቸው። የመብል ሥርዓት በሃይማኖት መጻሕፍት ያለ ነገር ነው፤ እያንዳንዱም የእምነቱን ሥርዓት መጠበቅ መብቱ ነው። ነገር ግን በወንጌልም ሆነ በቁርዓን ታንኳ ሠሪውን አትቅረበው፥ አብረኸው አትቀመጥ፥ ልጁንም አታግባ የሚል ቃል አናገኝም። መብልን ብቻ የሚመለከተው ሥርዓት ወደ ሰውየው ተሻገረ፤ ከሰውየው ወደ ልጁ፥ ከልጁ ወደ ልጅ ልጁ ወረደ። የጉማሬ አደን ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ንቀቱ ግን ከምክንያቱ ይልቅ ዕድሜ አገኘ። ምክንያቱ ከጠፋ በኋላ የሚቀር አጥር ደግሞ የሃይማኖት አጥር ሳይሆን የልማድ አጥር መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የሚገኝ አይደለም። በህንድ አገር ሥራቸው ርኩስ ነው የተባለ ሕዝቦች ወደ ቤተ መቅደስ እንዳይገቡ፥ ከጉድጓድም ውኃ እንዳይቀዱ ለብዙ ዘመን ተከልክለው ኖረዋል። በ1942 ዓ.ም. የጸናው የህንድ ሕገ መንግሥት ይህን ልማድ ሽሮ በሕግ ከለከለው፤ ይሁን እንጂ የሕዝቡን ልብ መለወጥ ሕጉን እንደ መጻፍ ቀላል አልሆነም። በእኛም አገር በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጎአል። የሚቀረው የሕግ አንቀጽ ሳይሆን የመምህሩ፥ የሹሙና የጎረቤቱ ሥራ ነው። ታንኳ የሚሠራው ሰው ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ከአጠገቡ የሚቀመጥ ጓደኛ ያገኛል ወይስ አግዳሚው ወንበር ባዶ ይሆንበታል? ይህን የሚወስነው ዐዋጅ አይደለም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልናሳስብ እንወዳለን። በደሴቶቹ ላይ የሚገኙት መጻሕፍት፥ ጧፉና ዕጣኑ፥ መነኮሳቱም ራሳቸው፥ የሞተር ጀልባ ሳይመጣ ለብዙ መቶ ዓመታት ውኃውን የተሻገሩት በደንገል ታንኳ ነበር። ስለዚህ የተከበረው መጽሐፍና የተናቀው ታንኳ ሠሪ ከጥንት ጀምሮ ተለያይተው አያውቁም፤ ያለ ሁለተኛው እጅ ሥራ የመጀመሪያው እዚህ ባልደረሰ ነበር። የአባቶቻችን እምነት ብራናውንና ደኑን እንደ ጠበቀልን እናመሰግናለን፤ ምስጋናችንም ፍጹም የሚሆነው፥ ለመጽሐፉ የምንሰጠውን ክብር መጽሐፉን ላሻገረው ሰው ልጆችም የሰጠን እንደ ሆነ ነው።