ሥነ ፍጥረት በዳኞች ፊት

የሚታየውና የማይታየው ሁሉ በእግዚአብሔር ፈቃድ እንደ ተፈጠረ ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምራ ስታስተምር ኖራለች። የኢትዮጵያም ሊቃውንት ከእሑድ እስከ ዓርብ የተፈጠሩትን 22ቱን ሥነ ፍጥረት ከመጽሐፈ ኩፋሌና ከአክሲማሮስ እያወጡ ለደቀ መዛሙርት ሲያስረዱ ኖረዋል። ይህም ትምህርት የሚሰጠው በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር፥ ከሚያምን መምህር አፍ፥ ለሚያምን ልጅ ነበረ። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት፥ ልጆቹ ሃይማኖታቸው ልዩ ልዩ፥ የመምህሩም ደመወዝ ከሁሉ ግብር የሚከፈል በሆነ ጊዜ ግን፥ ስለ ፍጥረት አመጣጥ ማን ምን ያስተምር የሚል ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። ይህ ጥያቄ በአሜሪካ አገር ከ80 ዓመት የበለጠ ሙግት አስነሥቷል። ታሪኩም ልጆችን ለሚያስተምሩ ካህናትና ለሚያሳድጉ ወላጆች ምክር አለበት። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሕያዋን ሁሉ ከጥንት ወላጆች በብዙ ዘመን ቀስ በቀስ እየተለወጡ መጡ ብሎ አስተማረ። ይህ ዝግመተ ለውጥ የተባለው ትምህርት ብዙ ጊዜ የሊቃውንት መከራከሪያ ሆኖ ቈየ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግን በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየከተማው ሲበዛ፥ ነገሩ ከሊቃውንት ጉባኤ ወጥቶ ከገበሬው ልጅ ደብተር ገባ። ያን ጊዜ ወላጆች ደነገጡ።

በቴነሲ ግዛት የሕግ ምክር ቤት አባል የነበረ ጆን በትለር የሚባል ገበሬ፥ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሰው መፈጠር የሚናገረውን የሚክድ፥ ሰውም ከዝቅተኛ እንስሳ ወገን መጣ የሚል ትምህርት በመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይሰጥ ሕግ አቀረበ። አገረ ገዢው ኦስተን ፒይም በማርች 21 ቀን 1925 ፈረመበት። ሕጉን የተላለፈ መምህር ከ100 እስከ 500 ዶላር እንዲቀጣ ተወሰነ። የሚያስደንቀው ግን፥ ሕጉ የከለከለው ትምህርት ያው ግዛት ራሱ ለትምህርት ቤቶች በፈቀደው የሥነ ሕይወት መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ መገኘቱ ነው።

በዴይተን ከተማ ጆን ስኮፕስ የተባለ የ24 ዓመት ጐልማሳ መምህር፥ ሕጉ በፍርድ ቤት እንዲፈተን ለመከሰስ ፈቀደ። ችሎቱም ከጁላይ 10 እስከ 21 ቀን 1925፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በሐምሌ ወር 1917 ዓመተ ምሕረት፥ ተደረገ። ከከሳሽ ወገን ሦስት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን፥ ከተከሳሽ ወገን ስመ ጥሩው ጠበቃ ክላረንስ ዳሮው ቆሙ። የጋዜጣ ጸሐፊዎች ከየአገሩ ጐረፉ፤ ክርክሩም በራዲዮ ተሰማ።

ብራያን ብዙዎች በኋላ እንደ ሣቁበት ያለ አላዋቂ ሰው አልነበረም። ብርቱው ደካማውን እየጣለ ይኖራል የሚለው ትምህርት ለነገሥታት ጦርነት፥ ለባለጠጎችም ግፍ ምክንያት ይሆናል ብሎ ይፈራ ነበረ። ፍርሀቱም በከንቱ አልነበረም። ስኮፕስ ያስተማረበት የጆርጅ ሀንተር መጽሐፍ፥ በ1914 የታተመው፥ የሰውን ልጆች በአምስት ዘር ከፍሎ ነጮችን ከሁሉ በላይ ያስቀምጥ ነበረ፤ ደካሞችና በሽተኞች ዘር እንዳይተኩ ማድረግንም ይመክር ነበረ። እንዲህ ያለው ነገር በሳይንስ ስም ለልጆች ይነገር ነበረ። የኋላ ዘመን ሊቃውንት ይህን ጥለውታል። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ፍጹም ንጹሕ ሆኖ የቆመ አልነበረም።

በጁላይ 20 ቀን ሕዝቡ ስለ በዛ፥ ሙቀቱም ስለ ጠና፥ ችሎቱ ከቤት ወጥቶ በሣር ሜዳ ላይ ተደረገ። በዚያም ዳሮው ብራያንን ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ምስክር አድርጎ ጠየቀው። የፍጥረት ቀኖች እያንዳንዳቸው 24 ሰዓት ነበሩን ባለው ጊዜ፥ ብራያን እንዲያ ላይሆኑ እንደሚችሉ መለሰ። ከገዛ ወገኖቹ ብዙዎች በዚህ አዘኑ፤ ተቃዋሚዎቹም ተሣለቁ። ነገር ግን በአንድምታ ትርጓሜ ላደገ ሰው ይህ መልስ የሽንፈት ምልክት አይደለም። የመጻሕፍት መምህር አንዱን ቃል አንድም እንዲህ፥ አንድም እንዲያ እያለ ሲተረጕም ሃይማኖቱን አይለቅምና። የጐዳው መልሱ ሳይሆን ቦታው ነው፤ ምስጢር የሚመረመረው በጉባኤ ቤት ነው እንጂ በጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄ አይደለምና።

ከአገር የተመረጡት ፈራጆች ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ተማክረው ስኮፕስን ጥፋተኛ አሉት፤ ዳኛውም 100 ዶላር ቀጣው። ብራያን ፍርዱ ከተሰጠ በአምስተኛው ቀን በዚያው በዴይተን ዐረፈ። በ1927 የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሻረ፤ ምክንያቱም ከ50 ዶላር በላይ የሆነ መቀጫ በፈራጆቹ እንጂ በዳኛው መወሰን አይገባውም ነበረ። ሕጉ ግን እስከ 1967 ጸንቶ ቈየ። በ1968 በአርካንሳስ ሱዛን ኤፐርሰን የምትባል የሥነ ሕይወት መምህርት በከሰሰችው ጉዳይ፥ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ክልከላ ከሕገ መንግሥት ጋራ አይስማማም ብሎ አፈረሰ። የመጀመሪያው መንገድ፥ መከልከል፥ በዚህ ተዘጋ።

ሁለተኛው መንገድ እኩል ማድረግ ነበረ። በ1981 አርካንሳስና ሉዊዚያና፥ ዝግመተ ለውጥ ከተማረ «የፍጥረት ሳይንስ» የተባለውም አብሮ ይማር የሚል ሕግ አወጡ። የአርካንሳሱ ሕግ ሃይማኖት እንዳይባል የእግዚአብሔርን ስም አላነሣም፤ ዓለም በድንገት ከምንም ተገኘ፥ የጥፋት ውሃም ምድርን ሁሉ ሸፈነ እያለ ይዘረዝር ነበረ እንጂ። ይህን ሕግ የከሰሱት ከሃዲዎች ብቻ አልነበሩም። በከሳሾቹ ራስ የቆመው ቄስ ነበረ፤ ከእርሱም ጋራ የልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናት ጳጳሳት ነበሩበት። መንግሥት የሃይማኖትን ትምህርት በእጁ ሲይዝ፥ ሃይማኖት እንደሚጐዳ አይተው ነበረና። ዳኛው ዊልያም ኦቨርተን በጃንዋሪ 5 ቀን 1982 ሕጉን አፈረሱት። የሉዊዚያናውንም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ሻረው።

ሦስተኛው መንገድ ስም መለወጥ ሆነ። በፔንሲልቫኒያ ግዛት በዶቨር ከተማ የትምህርት ቤቱ ቦርድ በ2004፥ ሕያዋን በአንድ አዋቂ ንድፍ ተሠሩ የሚል ሐሳብ ለተማሪዎች እንዲነገር አዘዘ፤ ንድፉን የሠራው ማን እንደ ሆነ ግን አይጠራም። 11 ወላጆች ከሰሱ። በችሎቱም ተማሪዎች እንዲያነቡት የተመከረው መጽሐፍ ረቂቆች ተመረመሩ፤ ፍጥረት የሚለው ቃል ከ1987ቱ ፍርድ በኋላ እየተፋቀ ንድፍ በሚል ቃል እንደ ተተካ ተገለጠ። ዳኛው ጆን ጆንስ በዲሴምበር 20 ቀን 2005 ትምህርቱን ከለከሉ። ሐሳቡ እውነት ወይም ሐሰት ነው ብለው ግን አልፈረዱም፤ ሳይንስ አይደለም አሉ እንጂ።

አንባቢ እዚህ ላይ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ከእነዚህ ፍርድ ቤቶች አንዱ ስንኳ እግዚአብሔር ዓለምን አልፈጠረም ብሎ አልፈረደም። የፈረዱት፥ በግብር ገንዘብ የሚሠራው የመንግሥት ትምህርት ቤት ሃይማኖትን አያስተምርም ብለው ነው። ጠበቃና ሕግ አውጪ ሥነ ፍጥረትን በመንግሥት በር ለማስገባት በጣሩ ቍጥር የከፈሉት ዋጋ ግን ከባድ ሆነ፤ አስቀድሞ የፈጣሪን ስም ተዉ፥ ቀጥሎ ፍጥረት የሚለውን ቃል ፋቁ። የፈጣሪ ስም የተፋቀበት የፍጥረት ነገር ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሊባል አይችልም። ሥነ ፍጥረት የሚነገረው ፈጣሪ እንዲታወቅ፥ እንዲመሰገንም ነውና።

ነገሩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በ1987 ዓመተ ምሕረት የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛል። በአሜሪካ የሚኖሩ የምእመናን ልጆችም በሳምንቱ አምስት ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት ይውላሉ። በሁለቱም አገር የሥነ ሕይወት መምህሩ ከዐፅምና ከድንጋይ የተገኘውን ማስረጃ ያሳያቸዋል፤ ሥራው ነውና አይወቀስበትም። ሰው ለምን እንደ ተፈጠረ፥ ለማንስ መልስ እንደሚሰጥ ግን ከእርሱ መጠበቅ አይገባም።

እንግዲህ ይህ ዕዳ የካህኑና የወላጅ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ጥያቄ ይዞ ሲመጣ የሚቈጣው ሳይሆን የሚያስረዳው መምህር ሊያገኝ ይገባዋል። ጥያቄው በቍጣ የተዘጋበት ልጅ ሁለተኛ አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ይሄዳል። 22ቱን ሥነ ፍጥረት ከነምስጢሩ የሰማ፥ አንድምታውንም የቀመሰ ልጅ ግን የትኛውንም መጽሐፍ ገልጦ ቢያነብ አይደነግጥም። ይህች ደብር ኢዮቤልዩዋን ስታከብር፥ ካለፉት ዓመታት ሥራዋ ሁሉ የሚበልጠው ልጆችን በዐውደ ምሕረቷና በሰንበት ትምህርት ቤቷ ማስተማሯ ነው። ለሚመጡትም ዓመታት እግዚአብሔር ለመምህራኗ ትዕግሥትን፥ ለልጆቿም ማስተዋልን ይስጥ። አሜን።