ማክሰኞና ቅዳሜ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ በኢንቦክስ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ሁሌም ይመላለሳል። አጠያየቁ ይለያያል እንጂ ሐሳቡ ያው ነው፦ «መምህር፣ መንፈሳዊ ሕይወቴ ባለበት ቆሟል። እጸልያለሁ፣ አነባለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ግን ምንም የተለወጠ ነገር አይታየኝም።» እኔ ታሪክ አስተማሪ እንጂ ሰባኪ አይደለሁም። ስለዚህ በማውቀው ልመልስ። ስለ አንድ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ላውጋችሁ።

አቡ ሩሚ ይባላሉ። አብርሃም የሚል ስምም ነበራቸው። የተወለዱት በ1750 አካባቢ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ገና በወጣትነታቸው ከአገር ወጥተው ኢየሩሳሌምን ተሳልመዋል፣ ፋርስን አልፈው እስከ ሕንድ ድረስ ተጉዘዋል። በካልካታ ዳኛ የነበረው እንግሊዛዊው ሊቅ ሰር ዊልያም ጆንስ፣ አብራም ከተባለ ሐበሻ ጋር ስለ ጎንደር ከተማና ስለ ዓባይ ምንጭ ያደረገውን ጭውውት አሳትሟል። ያ ሐበሻ እሳቸው እንደሆኑ ይታመናል። እስቲ አስቡት፤ መኪና በሌለበት፣ መንገዱ ሁሉ በእግር፣ በግመልና በሸራ መርከብ በነበረበት ዘመን ነው ይሄ ሁሉ።

በስተርጅና ካይሮ ገቡ። እዚያ በጠና ታመሙ። በካይሮ የፈረንሳይ ቆንስላ ውስጥ ይሠራ የነበረ አስለን ደ ሸርቪል የሚባል ሰው አግኝቶ አስታመማቸው፣ ከሞትም ተረፉ። አስለን የምሥራቅ ቋንቋዎች ፍቅር የያዘው ሰው ነበር። ከዳኑ በኋላ ሁለቱ አንድ ሥራ ጀመሩ፦ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መመለስ።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። በዚያን ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስ በአገራችን አልነበረም ማለቴ አይደለም። ከአሥር መቶ ዓመት በላይ በግዕዝ ሲነበብ፣ ሲዜማና ሲቀደስ ኖሯል። ሊቃውንቱም በአንድምታ በአማርኛ ያብራሩት ነበር። ግን ያ ትርጓሜ በዋናነት ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ የሚተላለፍ፣ ዓመታት በጉባኤ ቤት የሚቀመጥለት እውቀት ነው። ገበያ ላይ በሚነገረው፣ እናት ልጇን በምታባብልበት አማርኛ ከዘፍጥረት እስከ ራእይ ተጽፎ ለማንም አንባቢ የሚደርስ ሙሉ መጽሐፍ ግን ገና አልነበረም።

ሥራው እንዴት ይካሄድ እንደነበር አስለን ራሱ ጽፎ ትቶልናል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ በሩን ለእንግዳ ሁሉ ይዘጋል። ከሽማግሌው ጋር ይቀመጥና የዐረብኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ቀስ ብለው ቁጥር በቁጥር ያነባሉ። ዐረብኛው ግልጽ ያልሆነበት ቦታ ሲደርሱ አስለን ዕብራይስጡን፣ ሶርያኛውን፣ የግሪኩን ሰብዓ ሊቃናት ያገላብጣል። አቡ ሩሚ ደግሞ ነገሩ ሲገባቸው በአማርኛ ያሰፍሩታል። በቀጣዩ ማክሰኞም እንደዚያው። በቀጣዩ ቅዳሜም እንደዚያው።

ይህ የቆየው አሥር ዓመት ነው።

ሲያልቅ 9,539 ገጽ የእጅ ጽሑፍ ሆነ። እኔ ቁጥር ስለምወድ አስልቼዋለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለአሥር ዓመት፣ አንድም ቀን ሳይጎድል ቢሠሩ 1,040 ቀን ገደማ ይሆናል። ለቀን ሲካፈል ዘጠኝ ገጽ ነው። ዘጠኝ ገጽ! ለአንድ ቀን ብዙ ነው ብሎ የሚደነቅ የለም። የሆነ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው በሩን አንኳኩቶ «ዛሬ ምን ሠራችሁ?» ቢላቸው «ከዘኍልቍ ዘጠኝ ገጽ» ነበር መልሳቸው የሚሆነው። ዘኍልቍን ያነበበ ያውቀዋል፤ የነገድ ቆጠራ፣ የስም ዝርዝር፣ የመሥዋዕት ልክ... በዚያ ቀን «አደግሁ» የሚያሰኝ ምን ስሜት ይኖራል?

ለዚህ ነው «ሕይወቴ ባለበት ቆሟል» ስትሉኝ እኚህ ሰው ትዝ የሚሉኝ። እድገትን በዕለቱ ልንለካው ስለምንፈልግ ይመስለኛል የምንጨነቀው። የዛሬውን ጸሎት ከትናንቱ እናወዳድራለን፣ ልባችን ሞቀ ወይስ ቀዘቀዘ ብለን እንመረምራለን። ዘጠኝ ገጽ ግን በዕለቱ ዘጠኝ ገጽ ብቻ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ መሆኑ የሚታየው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ክፍል ልምጣ። አቡ ሩሚ የልፋታቸውን ፍሬ ታትሞ አላዩትም። ሥራው ካለቀ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1819 አካባቢ፣ በወረርሽኝ ሞቱ። የእጅ ጽሑፉን በ1820 ዊልያም ጆዌት የተባለ እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ ለብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። ወንጌላቱ በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ታተመ። በ1830 ሳሙኤል ጎባት ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ የታተሙትን የአማርኛ ወንጌሎች ይዞ ነበር። እንግዲህ የሽማግሌው አማርኛ ወደ አገሩ የተመለሰው ባለቤቱ ካለፉ አሥር ዓመት ገደማ በኋላ ነው ማለት ነው።

በዚያ ላይ ደግሞ እርማቱ አለ። ትርጉሙ ጉድለት ነበረበት። ከዐረብኛ የተመለሰ ስለሆነ ከመጀመሪያው ቋንቋ የራቀበት ቦታ አለ፣ አማርኛውም የተተቸበት ጊዜ ነበር። ለንደን ላይ ቶማስ ፔል ፕላት አርትዖት አደረገበት። ኋላ ክራፕፍ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ እንደገና አረመው። በኋላም በንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ዘመን አገር ውስጥ በሊቃውንት አዲስ ትርጉም ተሠርቶ በ1954 ዓ.ም. ወጣ። በዚህ ሁሉ መካከል የአቡ ሩሚ እጅ እየተሸፈነ ሄደ። ዛሬ በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያደገ ስንት ሰው ስማቸውን ያውቃል? እናንተስ ከዛሬ በፊት ሰምታችሁት ነበር?

ስለ ትሕትና ሳስብ እዚህ ላይ ነው የምቆመው። ታሪክ የሰውን ልብ አያሳየንም። የሚያሳየን የሠራውን ነው። ስለዚህ «አቡ ሩሚ እንዲህ ያለ ትሑት ልብ ነበራቸው» ብዬ አልሰብክላችሁም። ሥራቸው ግን ስለ ትሕትና ሦስት ነገር ያስተምረኛል።

አንደኛ፣ ሥራው የተጀመረው ከተቀበሉት ቸርነት ነው። ያን ሁሉ አገር የዞሩ፣ ቋንቋ የሚያውቁ ሰው፣ ካይሮ ላይ በባዕድ እጅ የሚታመሙ በሽተኛ ነበሩ። እኛ ብዙዎቻችን መስጠት እንወዳለን፣ መረዳት ግን ያሳፍረናል። የሰው እጅ ማየት ውርደት ይመስለናል። መቀበልን የማያውቅ ሰው እግዚአብሔር ፊትስ እንዴት አድርጎ ነው ባዶ እጁን የሚዘረጋው?

ሁለተኛ፣ ሥራው በተዘጋ በር ውስጥ ነው የተሠራው። ዛሬ አገልግሎታችን ሁሉ ላይቭ ካልሆነ፣ ፎቶ ካልተነሳ፣ ሼር ካልተደረገ ያልተሠራ የሚመስለን ሆነናል። (ይኸው እኔም በፌስቡክ ነው የምጽፍላችሁ፤ ስለዚህ ነገሩ ለኔም ነው።) ዝማሬው፣ ስብከቱ፣ ምጽዋቱ ሳይቀር ካሜራ ይጠብቃል። ካይሮ ውስጥ በማክሰኞ ቀን አንድ የሚከብድ ቃል ላይ ተደፍቶ መዋል ግን እሱም አምልኮ ነው። የሚያየው አንድ ብቻ ነው እንጂ።

ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ሥራህ በሌላ ሰው እንዲታረም፣ በመጨረሻም በሌላ እንዲተካ መፍቀድ። ክራፕፍ ሊያርም የቻለው የሚታረም ነገር ስላገኘ ነው። ስንቶቻችን ነን «ፍጹም ካልሆነ አልጀምርም» ብለን ዕድሜያችንን የጨረስነው? ስንቶቻችን ነን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያቋቋምነውን የሰንበት ትምህርት ክፍል ወይ የመዘምራን ቡድን ወጣቶች ሲለውጡት አኩርፈን የቀረነው? መሠረት ከቤቱ በታች ነው የሚሆነው። ከላይ ካልታየሁ ካለ ቤቱ አይቆምም።

እና ለጠየቃችሁኝ ልጆቼ መልሴ ይህች ናት። ሙቀቱን መለካት ለጊዜው ተዉት። ከሳምንታችሁ ውስጥ ማክሰኞና ቅዳሜያችሁን ምረጡ። አንድ ሰዓት ቢሆን፣ ግማሽ ሰዓት ቢሆን። በሩን ዝጉ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። ቁጥር በቁጥር፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁን የሚያውቅ ጠይቁ፤ አቡ ሩሚም ብቻቸውን አልሠሩትም። የቀዘቀዘባችሁ ቀን፣ ዘኍልቍ ላይ የደረሳችሁ ቀን፣ ያን ዕለት በተለይ እንዳትቀሩ። ደግሞም ለብቻ ከመሆን ከአንድ ወዳጅ ጋር ቢሆን ይሻላል፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ያነሣዋል።

ዛሬ ማታ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ስትከፍቱ፣ ከዚህ ሁሉ ትርጉምና እርማት በፊት አንድ የደከሙ ሽማግሌ በሰው አገር አሥር ዓመት እንደተቀመጡለት አስቡ። ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን።

ማክሰኞና ቅዳሜያችሁ መቼ እንደሚሆን ለኔ መጻፍ አያስፈልጋችሁም። በሩ ይዘጋ።

መልካም ሰንበት ይሁንላችሁ።