የሰውነት ክብደት እና ወሲባዊ ጤና

የሰውነት ክብደት እና ወሲባዊ ጤና የክብደት መጠን በወሲብ ፍላጎት፣ በመውለድ አቅም እና በራስ መተማመን ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ የሚመለከት የጤና ርዕስ ነው። ከመጠን ያለፈ ውፍረትም ሆነ ክሳት ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። በኦሮሚያ ስምጥ ሸለቆ እንደ አዳማ (ናዝሬት)፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ (ዝዋይ) እና ሻሸመኔ ባሉ ከተሞች ሁለቱም ይታያሉ። በከተማው መሃል አጭሩ መንገድ ሁሉ በባጃጅ የሚሄድ ሲሆን፣ በዙሪያው ያለው ቆላ ደግሞ ድርቅ የሚደጋገምበት አካባቢ ነው።

መለኪያ

የተለመደው መለኪያ ክብደትን በኪሎግራም፣ በሜትር ለተለካ ቁመት ካሬ ማካፈል ነው። ለምሳሌ ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 80 ኪሎ የሆነ ሰው ውጤቱ 27.7 ይሆናል። በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ከ18.5 በታች ክሳት፣ ከ25 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 22 በመቶው ከሲታ፣ 8 በመቶው ደግሞ ከሚገባው በላይ ክብደት ያላቸው ነበሩ። በ2000 ቁጥሮቹ 30 እና 3 በመቶ ነበሩ።

በወንዶች

የወንድ ብልት የሚቆመው በደም ሲሞላ ነው። ቦርጭ፣ የስኳር በሽታ እና የደም ግፊት የደም ሥሮችን ስለሚጎዱ ስንፈተ ወሲብ ሊመጣ ይችላል። ስኳር ነርቭንም ይጎዳል። በተጨማሪ የስብ ሕዋሳት ቴስቶስትሮን የተባለውን ሆርሞን ወደ ኢስትሮጅን ስለሚቀይሩ የወሲብ ፍላጎት ይቀንሳል። በጣሊያን 110 ወፍራም ወንዶችን ለሁለት ዓመት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት፣ አመጋገብና እንቅስቃሴ እንዲያስተካክሉ ከታገዙት መካከል አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ከችግሩ እንደተላቀቁ አሳይቷል። እንደ ቪያግራ ያሉ ክኒኖች መንስኤውን አያድኑም። ናይትሬት የተባለውን የልብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ የደም ግፊቱን በድንገት አውርደው ለሞት ሊዳርጉ ይችላሉ።

በሴቶች

ከመጠን ያለፈ ውፍረት የወር አበባን ሊያዛባና እርግዝናን ሊያዘገይ ይችላል። ከክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ለብዙዎቹ የእንቁላል መውጣትን ለመመለስ ይረዳል። በጣም ሲከሳም የወር አበባ ሊቆም ይችላል፤ ሰውነት ለእርግዝና የሚበቃ ስንቅ እንደሌለው ይቆጥራልና።

የእርግዝና መከላከያ

በኢትዮጵያ በብዛት የሚወሰደው የሦስት ወር መርፌ ነው። መርፌው አንዳንድ ሴቶችን ያወፍራል። ይህን በመፍራት ብቻ ማቋረጥ ላልታሰበ እርግዝና ይዳርጋል፤ ሌሎች አማራጮችን ከጤና ባለሙያ ጋር መምረጥ ይቻላል። ፖስት ፒል በመባል የሚታወቀው የድንገተኛ መከላከያ ክብደታቸው ከፍ ባለ ሴቶች ላይ ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል። የመዳብ ሉፕ ግን በክብደት ምክንያት ኃይሉ አይቀንስም።

ክሳት፣ ሐሜት እና በራስ መተማመን

በአካባቢው «ወፈር ብለሃል» ማለት ብዙ ጊዜ ምርቃት ነው፤ «ከሳህ፣ ምን ሆነህ?» ግን ጥርጣሬ ያዘለ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ለዚህ አንዱ ምክንያት የኤች አይ ቪ ታሪክ ነው። አዳማ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የጭነት መኪና መንገድ ላይ ትገኛለች። ነጻ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በጥር 1997 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት ሕመሙ ሰውን ያከሳ ስለነበር ከሲታ ሁሉ ይጠረጠር ነበር። ዛሬ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ክብደቱ ጤናማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወፍራም አጋር ከቫይረሱ ነጻ ነው፣ ቀጭን ደግሞ ተይዟል የሚለው ግምት የተሳሳተና አደገኛ ነው። በቫይረሱ መያዝ አለመያዝ የሚታወቀው በምርመራ ብቻ ነው።

ሐሜቱን ሽሽት አንዳንዶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ የማወፈሪያ ክኒን ይወስዳሉ። ለዚህ የሚውለው ዴክሳሜታዞን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ አጥንትን ያሳሳል። በአካባቢው የተለመደው ጫትም የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ ለክሳት ይዳርጋል። በሰውነቱ የሚያፍር ሰው ከአጋሩ ሊሸሽና ስለ ኮንዶም ወይም ስለ ምርመራ ከመናገር ሊቆጠብ ይችላል።

ሕክምና

ስንፈተ ወሲብ የልብ ሕመም የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ስለሚችል የስኳርና የደም ግፊት ምርመራ ያስፈልገዋል። ይህ ምርመራ በጤና ጣቢያዎችና እንደ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ባሉ ሆስፒታሎች ይሰጣል። ምክንያቱ ያልታወቀ ክሳትም የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር ወይም የኤች አይ ቪ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ከሐሜት ይልቅ ምርመራ ይሻል።