የሕፃናት ትርፍ አንጀት፦ ሕመሙ ለምን ዘግይቶ ይታወቃል?

ካዛንቺስ ውስጥ የሦስት ዓመት ልጃቸው ሌሊት ሆዱን ይዞ ሲያለቅስ የሚያድር ወላጆች ሆስፒታል ሩቅ አይሆንባቸውም። ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚገኘው እዚያው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ነው፤ ጥቁር አንበሳም ብዙ አይርቅም። ከገጠር ቀበሌ ታማሚ ይዞ ለሚነሳ አርሶ አደር ግን መንገዱ ብቻውን ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ይሁን እንጂ በሕፃናት ላይ የሚከሰት ድንገተኛ የትርፍ አንጀት ሕመም ሁለቱንም ቤት በአንድ ነገር ያመሳስላቸዋል። ሕመሙ ሌላ በሽታ መስሎ ስለሚታይ፣ ውድ ሰዓታት መንገድ ሳይጀመር ያልፋሉ።

ትርፍ አንጀት ከትልቁ አንጀት መነሻ ላይ፣ በሆድ የታችኛው ቀኝ ክፍል የምትገኝ፣ ጣት የምትመስል ቀጭን ቅጥያ ናት። ቀዳዳዋ በደረቀ ዓይነ ምድር፣ በግድግዳዋ ላይ ባበጡ ዕጢዎች፣ አልፎ አልፎም በአንጀት ትላትል ሲደፈን ውስጧ ይወጠራል፤ ተህዋስያን ይራቡባታል፤ የደም ዝውውሯም ይስተጓጎላል። ካልታከመች ልትፈነዳ ትችላለች። ይህም ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሕመሙ ከጀመረ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በትንንሽ ልጆች ላይ ከዚህም ሊፈጥን ይችላል። ልጅ በልቶ ወዲያው ስለሮጠ ትርፍ አንጀት ይይዘዋል የሚለው በየሰፈሩ የሚነገር አባባል የሕክምና ማስረጃ የለውም።

ሕመሙ በብዛት የሚታየው ከ10 እስከ 19 ባለው ዕድሜ ነው። ከ5 ዓመት በታች ያሉትን የሚይዘው ጥቂት ጊዜ ቢሆንም የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው በእነዚሁ ላይ ነው። ከ3 ዓመት በታች ባሉት ደግሞ ሕመሙ በሚታወቅበት ጊዜ ትርፍ አንጀቱ አብዛኛውን ጊዜ ፈንድቶ ይገኛል። አንዱ ምክንያት የሕፃኑ አካል ነው። በግ ያረደ ሰው አንጀትን የሚሸፍነውን ሞራ ያውቀዋል። በሰው ሆድ ውስጥም ያለው ሞራ የቆሰለውን ክፍል ከብቦ መግል እንዳይሰራጭ ያግዳል። የሕፃን ሞራ ግን ቀጭንና አጭር በመሆኑ ይህን አጥር በሚገባ አይሠራም።

ሌላው ምክንያት ሕፃኑ ሕመሙን መግለጽ አለመቻሉ ነው። በትልልቅ ልጆችና በአዋቂዎች ላይ ሕመሙ እምብርት አካባቢ ጀምሮ ከሰዓታት በኋላ ወደ ታችኛው ቀኝ ይወርዳል፤ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ ማቅለሽለሽና ማስታወክ ይከተላል፣ ትኩሳትም ይመጣል። የሦስት ዓመት ልጅ ግን የትም ቢያመው እምብርቱን ነው የሚያሳየው። በእርሱ ላይ የሚታየው ማስታወክ፣ ትኩሳት፣ የሆድ መነፋት፣ መነጫነጭና ጡት ወይም ምግብ እምቢ ማለት ነው። ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ይተኛል፤ መራመድ አይፈልግም ወይም ያነክሳል፤ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ይጮኻል። ከብት አርቢ ይህን የማየት ልምድ አያጣም። ጥጃ አሞኛል ባይልም መጥባት መተዉና ጀርባውን አጉብጦ መቆሙ ይናገርለታል።

ይበልጥ የሚያሳስተው ተቅማጡ ነው። ያበጠው ትርፍ አንጀት የታችኛውን አንጀት ሲነካው ልጁ በትንሽ በትንሹ ሊያስቀምጠው ይችላል። በዚህ ጊዜ "አሜባ ነው"፣ "ታይፎይድ ነው" ተብሎ ከመድኃኒት ቤት ሽሮፕ ይገዛል። የሰገራ ምርመራ ጥገኛ ተህዋስ ቢያሳይ እንኳ ትርፍ አንጀት የለም ማለት አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ሊገኙ ይችላሉ። የሳንባ ምችና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም የሆድ ሕመም ያመጣሉ። ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በየመሃሉ እያረፈ በኃይል የሚያለቅስና ደም የቀላቀለ ሰገራ የሚወጣው ከሆነ አንጀቱ በራሱ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ይህም አስቸኳይ ነው።

ሐኪሙ ሕፃኑን በእናቱ ጭን ላይ እንዳለ፣ ቢቻል በተኛበት፣ በሞቀ እጅ ይመረምረዋል። ከፍ ያለውን ልጅ እንዲያስል ወይም በአንድ እግሩ እንዲዘል ይጠይቀዋል። የነጭ የደም ሕዋስ ቁጥርና የሽንት ምርመራ ይታዘዛል። በ2002 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የሕፃናት የነጥብ መለኪያ እነዚህን ምልክቶች ከ10 ነጥብ ይመዝናል፤ የተዘጋጀው ግን ከ4 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ ከዚያ በታች ላሉት ብዙ አያስተማምንም። በአልትራሳውንድ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ የሰፋና ሲጫኑት የማይታጠፍ ትርፍ አንጀት ከታየ ጥርጣሬው ይጠነክራል። መሣሪያው ትርፍ አንጀቱን ካላገኘው ግን ልጁ ጤነኛ ነው ተብሎ አይደመደምም። ሲቲ ስካን ጨረር ስላለው ለሕፃናት በቁጠባ ነው የሚታዘዝ።

ከመሣሪያው ሁሉ የማይተናነሰው ደግሞ መመርመር ነው። በመጀመሪያው ምርመራ ያልለየ ሕመም ከሰዓታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። ስለዚህ ወደ ቤት የተመለሰ ልጅ ሕመሙ ካልተወው፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ማስታወኩ አረንጓዴ ከሆነ ወይም መራመድ ካቆመ መድኃኒቱ እስኪያልቅ ሳይጠበቅ ተመልሶ መታየት አለበት። ሕመሙ በድንገት ቀለል ብሎ ትኩሳቱ ከጨመረም ፈንድቶ ሊሆን ይችላል። ወላጅ ለሐኪሙ የሚሰጠው ትልቁ እገዛ ቅደም ተከተሉን መንገር ነው፦ ሕመሙ በስንት ሰዓት ጀመረ? ማስታወኩ ከሕመሙ በፊት ነው ወይስ በኋላ? መጨረሻ የበላው መቼ ነው? ምን መድኃኒት ተሰጠው?

ሆድ ማሸት፣ ኮሶም ሆነ ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መስጠት ጉዳቱን ያባብሳል። ከቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ ደግሞ ምልክቱን ይሸፍናል። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችል በመንገድ ላይ ምግብ ባይሰጠው ይመረጣል። በገጠር ያሉ ወላጆች ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ ሲላኩ፣ ቀዶ ሕክምና የሚሰጠው ቅርቡ ሆስፒታል የት እንደሆነ በዚያው ቢጠይቁ ሌላ ምልልስ ይቀንሳል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። በ2017 ዓ.ም. በመልሶ ማልማት ከካዛንቺስ ወደ ከተማዋ ዳርቻ የተዛወሩ ቤተሰቦችም የለመዱት ሆስፒታል አሁን ቅርብ ስላልሆነ፣ በአዲሱ ሰፈራቸው ሌሊት የሚሠራውን ቀድመው ማወቅ ይኖርባቸዋል።

ሳይፈነዳ የተደረሰበት ልጅ ብዙውን ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ቤቱ ይገባል። የፈነዳበት ግን በደም ሥር አንቲባዮቲክ እየተሰጠው ለቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ሆስፒታል ይተኛል።