ጥሩርና የጣሳ ቀለበት

ከአዋሽ ከተማ ተነሥቶ በገዋኔ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው አውራ ጎዳና ከሚያልፍባቸው ሞቃት ከተሞች መካከል አንደኛዋ አዳይቱ ናት። እ.ኤ.አ. በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተቀስቅሶ የአሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ ንግድ ከተዘጋ ወዲህ፣ የአገሪቱ የገቢ ዕቃ አብዛኛው ከጅቡቲ ተነሥቶ በጋላፊ በኩል ገብቶ በዚሁ ሸለቆ ሽቅብ ይጓዛል። የቆላው ፀሐይ ያደከመው ሾፌርና ረዳቱ በመንገድ ዳር ባሉት ሱቆች አረፍ ብለው ይጠጣሉ፤ ጠጥተውም ጠርሙሱን፣ ፕላስቲኩንና ጣሳውን ትተው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ከነዚህ ውዳቂዎች ሁሉ ትንሹና ከቁም ነገር የማይገባው የጣሳው መክፈቻ ቀለበት ነው።

በሌላው ዓለም ግን ይህን ቀለበት በሺህ እየቆጠሩ ሰብስበው፣ እንደ ጥንት ጦረኞች የብረት ልብስ እርስ በርሱ እያያያዙ ሰደርያ፣ ቀበቶና የእጅ ቦርሳ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ነገሩ ለላይ ተመልካች የልጅ ጨዋታ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ እውነተኛው የቀለበት ልብስ፣ ማለትም ጥሩር፣ አንድ ጊዜ በዚሁ በአዋሽ ሸለቆ ያለፈ ዕቃ ስለ ሆነ፣ የሁለቱን ታሪክ አያይዞ መመልከት ለባለሙያ ትምህርት ሳይሰጥ አይቀርም። ለመሆኑ ጥሩርን ጥሩር ያሰኘው ምንድን ነው? ብረቱ ነውን፣ ቀለበቱ ነውን፣ ወይስ ሌላ?

ጥሩር እንዴት ይሠራ ነበር?

ጥሩር በግዕዙ ድርዕ ተብሎ ይታወቃል። ቃሉን አብዛኛው አንባቢ የሚያስታውሰው በመጽሐፈ ሳሙኤል ስለ ጎልያድ ትጥቅ ከሚነገረው ክፍል ነው። በቀለበት የተሠራው ዓይነት ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ምዕተ ዓመት ገደማ በአውሮፓ በኬልቶች ዘንድ እንደ ተጀመረ የታሪክ ሊቃውንት ያምናሉ። ከነርሱም ሮማውያን ወስደው ለሠራዊታቸው አለበሱት፤ ከዚያ በኋላ ከአውሮፓ እስከ ፋርስና ሕንድ ድረስ ተስፋፍቶ ከሺህ ዓመት በላይ የጦረኛ ልብስ ሆኖ ኖረ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብረቱ በቀዳዳ እየተሳበ ሽቦ ይሆናል። ሽቦው በዘንግ ላይ ተጠምጥሞ በመሮ ሲቆረጥ ብዙ ክፍት ቀለበቶች ይወጣሉ። የእያንዳንዱ ቀለበት ሁለት ጫፎች ተደራርበው በመዶሻ ይጠፈጠፋሉ፤ ከዚያም ይበሱና በጣም ትንሽ በሆነ ሪቬት ይገጠማሉ። አንዱ ቀለበት በአራት ቀለበቶች ውስጥ ያልፋል፤ እነዚያም እያንዳንዳቸው በሌሎች አራት ውስጥ ያልፋሉ። በዚህ ሁኔታ አንድ ሙሉ ልብስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቀለበቶችን ይፈጃል፤ ክብደቱም 10 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ አለ። ጫፎቹ ተገናኝተው ብቻ የተተዉ ቀለበቶች፣ የጦር ጫፍ በኃይል ሲገባባቸው እንደ በር ይከፈታሉ። በሪቬት የተያዘው ቀለበት ግን ጉልበቱን ለጎረቤቶቹ እያከፋፈለ ይጸናል። እንግዲህ የጥሩር ብርታት ከቀለበቱ ይልቅ በቀለበቱ መገጣጠሚያ ላይ ያለ መሆኑ ግልጽ ነው። አብዛኛውን የሠራተኛ ድካምና ጊዜ የሚበላውም ይኸው ዐይን የማያየው ትንሽ ሪቬት ነበር።

ጥሩር በኢትዮጵያ

እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ዘንድ ጥሩር ጥቂት እንደ ነበረ ያመለክታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢማም አሕመድ ኢብራሂምን ዘመቻ የጻፈው ሺሃብ አድ ዲን፣ ፍቱሕ አል ሐበሻ በተባለው መጽሐፉ በሁለቱም ወገን ጥሩር የለበሱ ፈረሰኞችን ደጋግሞ ይጠቅሳል። በ1529 በሽምብራ ኩሬ የተደረገው ታላቅ ጦርነት የተካሄደው በላይኛው አዋሽ ተፋሰስ፣ ከሞጆ ብዙም በማይርቅ ስፍራ ነው። ከሐረር ወደ ሸዋ የሚዘምት ሠራዊት አዋሽን ሳይሻገር አይደርስምና፣ የባሕር ማዶው የቀለበት ልብስ በፈረሰኛ ትከሻ ላይ ሆኖ ይህን ወንዝ ተሻግሯል።

የሸለቆው የታች ክፍልም ከዚህ ታሪክ ውጭ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1577 የሐረር ኢማሞች መናገሻቸውን አዋሽ ወደሚያልቅበት ወደ አውሳ ማዛወራቸው ይታወቃል። ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች ወደ ደጋ የሚወጣው የቅፍለት መንገድ በአፋር ምድር ላይ ያልፍ ስለ ነበር፣ ግመሉ ከጨውና ከጨርቅ ጋር የተሠራ ብረትም ይጭን ነበር።

ጥሩር በጎንደር ዘመንም አልጠፋም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እና በ1771 በጎንደር ሳለ ከንጉሡ ፈረሰኞች መካከል ጥሩር የለበሱ ክፍሎችን አይቷል። በ1772 በሱዳን በኩል ሲመለስ ደግሞ በስናር አቅራቢያ የሼኽ አድላንን ፈረሰኞች ጎብኝቶ፣ በእያንዳንዱ ፈረስ ትይዩ አንድ የብረት ጥሩር በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ጤዛ እንዳያዝገውም በለሰለሰ የሚዳቋ ቆዳ ተሸፍኖ እንዳየ ጽፏል። ብረትን ከዝገት ለመጠበቅ የተደረገው ይህ ጥንቃቄ የዕቃውን ውድነት ከማናቸውም ዋጋ ይበልጥ ይናገራል።

የጥሩርን ዘመን የዘጋው ጠመንጃ ነው። ጠመንጃውም የመጣው በዚሁ በአፋር መንገድ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነጋዴ ሆኖ 2,000 ያህል ጠመንጃ በግመል ጭኖ በ1886 መጨረሻ ከታጁራ ተነሣ፤ የአፋርን በረሃ አቋርጦ አዋሽን ተሻግሮ በ1887 መጀመሪያ ሸዋ ገባ። ጥይት በሚበዛበት ሜዳ ላይ የቀለበት ልብስ ሸክም እንጂ ጋሻ ሊሆን አልቻለም።

የመጣውን መልሶ መሥራት

በኢትዮጵያ ብረት ከማዕድን የማቅለጥ ጥበብ ጥንታዊ ነው። ቀጥቃጩ በወናፉ ማረሻ፣ ማጭድ፣ ጦርና ጎራዴ ያወጣ ነበር። ጥሩር ግን ሽቦ የሚስብ፣ ቀለበት የሚቆርጥና ሪቬት የሚመታ ብዙ እጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ለወራት ተቀምጦ እንዲሠራ ይጠይቃል። ጠይብ እየተባለና በቡዳነት እየተጠረጠረ በመንደር ዳርቻ ብቻውን የሚኖር ባለሙያ እንዲህ ያለ ማኅበር ለማቋቋም ዕድል አልነበረውም። የጎደለው ማዕድን ወይም የእጅ ብልሃት ሳይሆን፣ ባለሙያን ከባለሙያ የሚያያይዘው ነገር ነበር ለማለት ይቻላል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድበውን ሰው የሚያስጠነቅቅ ዐዋጅ ማውጣታቸው፣ ነውሩ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ያም ሆኖ ይህ የተናቀ ባለሙያ አንድ ታላቅ ልምድ አዳብሯል። ይኸውም ተሠርቶ የመጣውን ዕቃ እንደ ጥሬ ዕቃ ቆጥሮ ሌላ ዕቃ ማድረግ ነው። የማሪያ ቴሬዛ ብር ለዚህ ዋናው ምስክር ነው። 28 ግራም ያህል የሚመዝነውና ከሺህ 833 እጅ ንጹሕ ብር የሆነው ይህ የኦስትሪያ ገንዘብ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ብር እስኪወጣና ከዚያም በኋላ፣ በአንጥረኞች እጅ እየቀለጠ መስቀል፣ ድሪና አልቦ ሆኗል። ድሪ ደግሞ ራሱ የቀለበት ሥራ ነው። አንጥረኛው የብር ሽቦ ስቦ፣ ቀለበት አድርጎ፣ ቀለበቱን በቀለበት አስገብቶ፣ መገጣጠሚያውን በእሳት ይበይዳል። የጥሩርን ዋና ዋና ሥራዎች፣ ማለትም ሽቦ መሳብን፣ ቀለበት መቁረጥንና መገጣጠሚያ መዝጋትን፣ የአገሩ እጅ ለጦርነት ሳይሆን ለጌጥ ያውቃቸው ነበር። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የቴሌግራፍና የስልክ መስመር ሲዘረጋም፣ ሽቦው በየስፍራው እየተቆረጠ አምባር መሆኑ ለመሥሪያ ቤቱ ትልቅ ራስ ምታት ነበር።

የዛሬው ወራሽ የአዲስ አበባው መርካቶ፣ በተለይም ምናለሽ ተራ ነው። በዚያ በርሚል ምድጃ ይሆናል፤ የመኪና ባሌስትራ ቢላዋና መጥረቢያ ይሆናል፤ የዘይት ቆርቆሮ ኩራዝ ይሆናል። ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ የሚሰበስበው ውዳቂ አልሙኒየምም በትናንሽ ማቅለጫዎች ውስጥ በአሸዋ ቅርጽ እየፈሰሰ ድስት ሆኖ ወደ ማድ ቤት ይመለሳል።

የጣሳው ቀለበት

አሁን ወደ ጣሳው ቀለበት እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1959 በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር ኤርማል ፍሬዝ የተባለ መሐንዲስ ጣሳ ያለ መክፈቻ የሚከፈትበትን ዘዴ አሰበ። ዘዴው በ1962 በፒትስበርግ የቢራ ፋብሪካ አማካይነት ገበያ ላይ ዋለ። የፍሬዝ ዋና ግኝት ቀለበቱ አልነበረም፤ ክዳኑን ሳይበሳ፣ ከራሱ ከክዳኑ ቆርቆሮ ላይ ጉብታ አውጥቶ ያንኑ ጉብታ ሪቬት በማድረግ ቀለበቱን ማሰሩ ነው። የጣሳ መጠጥ እንዳይፈስና ጋዙ እንዳይወጣ ያደረገው ይኸው ሪቬት ነው። ተገንጥሎ የሚጣለው የመጀመሪያው ቀለበት እግር እየቆረጠ ስላስቸገረ፣ በ1975 ዳንኤል ከድዚክ በሬይኖልድስ ኩባንያ ሳለ ከጣሳው የማይለየውን ዓይነት አወጣ። ዛሬ በአዳይቱ መንገድ ዳር የሚታየው ይህኛው ነው።

ቀለበቱን የሚያያይዙት ሰዎች አሠራር ቀላል ነው። ቀለበቱን ወዲያና ወዲህ በማወዛወዝ ከጣሳው ይነቅሉታል። ከሁለቱ ቀዳዳዎቹ የአንዱን ጠርዝ በቆርቆሮ መቀስ ቆርጠው በፒንሳ ይከፍቱታል፤ በላይኛው ረድፍ ባሉት በሁለት ቀለበቶች ቀዳዳ አሳልፈው መልሰው ይዘጉታል። ረድፉ በረድፍ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይደራረባል። የተቆረጠው ጫፍ እጅ እንዳይቆርጥ በሞረድ መለስለስ አለበት።

ሒሳቡም ቀላል ነው። ሦስት ቀለበቶች አንድ ግራም ያህል ይመዝናሉ። ሲደራረቡ እያንዳንዱ 2 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል ቢባል፣ ግማሽ ካሬ ሜትር ለሚሆን ሰደርያ 2,500 ቀለበት ያስፈልጋል፤ ክብደቱም ከአንድ ኪሎ ግራም አይበልጥም። የብረቱ ጥሩር ይህን አሥር ጊዜ ያህል ይመዝን ነበር።

ነገር ግን ይህ ልብስ ጥሩር ነውን? አይደለም። ምክንያቱ ብዙ ሰው እንደሚገምተው የአልሙኒየሙ ቀላልነት ብቻ አይደለም። የጥሩር ብረት በእሳት የለሰለሰ ስለ ነበር ሳይሰበር ይታጠፍ ነበር። የጣሳው ቀለበት ግን ከ4 እስከ 5 በመቶ ማግኒዥየም ያለበትና በብርዱ ተዳምጦ የጠነከረ ቅይጥ ስለ ሆነ፣ ጥቂት ጊዜ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ከጣሳው የሚነቀለውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ከሁሉም በላይ፣ ቀለበቱ ሲነቀል ሪቬቱ በጣሳው ክዳን ላይ ይቀራል። ሰብሳቢው ቀለበቱን ይዞ ይሄዳል፤ ቀለበቱን ዋጋ ያሰጠውን መገጣጠሚያ ግን ትቶት ይሄዳል። ስለዚህ የጣሳ ቀለበት ልብስ ለበዓል፣ ለቴአትርና ለጌጥ እንጂ ለመከላከያ አይሆንም፤ ይሆናል ብሎ መሸጥም ገዢውን ማታለል ነው።

በኢኮኖሚ ረገድም ልኩን ማወቅ ይገባል። ቀለበቱ የጣሳውን ክብደት ከአርባ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ከማዕድን አልሙኒየም የሚያወጣ ፋብሪካ የለም፤ ውዳቂውን ማቅለጥ ደግሞ ከማዕድን ለማውጣት ከሚፈጀው ኃይል 5 በመቶ ያህሉን ብቻ ይጠይቃል። ስለሆነም ለማቅለጫ መሰብሰብ ያለበት ሙሉው ጣሳ ነው። ቀለበቱን ብቻ ለቅሞ ጣሳውን በበረሃ መተው እህሉን ጥሎ ገለባውን እንደ መጫን ይቆጠራል።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? የጣሳው ቀለበት እሳትና ወናፍ ሳይጠይቅ፣ በመቀስና በፒንሳ ብቻ የቀለበትን ሥራ የሚያስተምር ነጻ ዕቃ ነው። በሙያ ትምህርት ቤት ያለ ተማሪ በአንድ ቀን ውስጥ መቶ ቀለበት አያይዞ፣ በክብደት እየጎተተ በየት በኩል እንደሚከፈት ቢመለከት፣ ጉልበት በመገጣጠሚያ እንዴት እንደሚተላለፍና መዋቅር ለምን ከመገጣጠሚያው ላይ እንደሚወድቅ ከጥቁር ሰሌዳ ይልቅ ከእጁ ይማራል። ድልድይም ሆነ የጣሪያ ብረት የሚፈተነው በዚያው ሕግ ነው።

በአዋሽ ሸለቆ መንገድ ጥሩር መጣ፤ ጠመንጃ መጣ፤ ዛሬም ጣሳ ይመጣል። ሦስቱም ተሠርተው የመጡ ናቸው። ከመጣው ብረት አንጥረኛው ድሪ፣ ቀጥቃጩ ቢላዋ፣ የምናለሽ ተራው ሠራተኛ ምድጃ ሲያወጣ፣ የጎደለው ጥሬ ዕቃ እንዳልነበረ ታሪኩ ይመሰክራል። የጎደለው አንዱን ባለሙያ ከሌላው፣ የባለሙያውንም እጅ ከመሐንዲሱ ስሌት ጋር የሚይዘው ሪቬት ነው። ቆራሌውን፣ አቅላጩንና አንጥረኛውን እንደ ሥራ ባልደረባ ቆጥሮ ዕውቀቱን መመዝገብና በስሌት መደገፍ የመሐንዲሶች ድርሻ ሲሆን፣ ይህ ድርሻ ካልተፈጸመ ግን ቀለበቱ ምንም ያህል ቢበዛ ልብስ አይሆንም።